ባለቤቴ ፊሊፒናዊት፣ አማቴ ኢሎኢሎ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መጦሪያና በሆቴል አብረው ሲሠሩ ተዋውቀው ትዳር የመሠረቱ ኢትዮጵያውያንና ፊሊፒናውያን የሚጠይቁን አንድ ነገር ነው፤ አገር ቤት የቀረውን ዘመድ ወደ አሜሪካ እንዴት እናምጣ? በዚህ እትም አምስት ጥያቄዎችን መልሰናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ክፍያዎች ስለሚለዋወጡ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ። ባለቤቴ ፊሊፒናዊት ነርስ ስትሆን ግሪን ካርድ ካገኘች ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተዋል። ሁለት ልጆች አሉን። ባላቸው የሞቱባቸው የ68 ዓመት እናቷ ፊሊፒንስ፣ ኢሎኢሎ ከተማ፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ወንድሟ ደግሞ ሚስትና የ8 ዓመት ልጅ አለው። ዜጋው እኔ ስለሆንኩ ለሁሉም እኔው ማመልከት እችላለሁ? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ አይችሉም። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለአማትም ሆነ ለሚስት ወንድም ማመልከት የሚባል ነገር የለም። ማመልከት የምትችለው ባለቤትዎ ናት፤ እሷም ብትሆን ግሪን ካርድ ይዛ ሳለች ለእናትና ለወንድም አትችልም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማምጣት የሚችለው የትዳር ጓደኛውንና ያላገቡ ልጆቹን ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የእሷ ዜግነት ነው።

ከአሜሪካ ዜጋ ጋር ተጋብቶ የሚኖር ሰው አምስት ዓመት ሳይጠብቅ በሦስት ዓመት ማመልከት ይችላል። ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ቢኖር ሦስቱ ዓመት በሦስት በኩል መሟላቱን ነው፤ እሷ ግሪን ካርድ ከያዘች ሦስት ዓመት፣ ተጋብታችሁ አብራችሁ ከኖራችሁ ሦስት ዓመት፣ እርስዎም ዜጋ ከሆኑ ሦስት ዓመት። እርስዎ ዜግነት ካገኙ ገና አንድ ዓመት ከሆነ እሷም ሦስቱ ዓመት እስኪሞላ መጠበቅ ይኖርባታል። ኤን-400 የተባለውን የዜግነት ማመልከቻ ፎርም ሦስት ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ማስገባት ይቻላል፤ በኦንላይን ክፍያው 710 ዶላር ነው።

ቃለ መሐላ ከፈጸመች በኋላ ለእናቷ አይ-130 የተባለውን የዘመድ ማመልከቻ ፎርም ታስገባለች፤ በኦንላይን 625፣ በወረቀት 675 ዶላር። ዕድሜው 21 የሞላ ዜጋ ለወላጁ ሲያመለክት ወረፋ የለም፤ የሚጠበቀው የመሥሪያ ቤቶቹ የሥራ ጊዜ ብቻ ነው። አብረው የሚገቡት የዜግነት ወረቀቷ፣ የእናቷ ስም ያለበት የራሷ የልደት ሰርተፊኬትና የአባቷን ስም ትታ የባሏን ከወሰደች የጋብቻ ሰርተፊኬቷ ናቸው። ለአባት ቢሆን ኖሮ የወላጆቿ የጋብቻ ወረቀትም ይጠየቅ ነበር።

አይ-130 ሲጸድቅ ፋይሉ ኤን ቪ ሲ ወደሚባለው የቪዛ ማዕከል ይሄዳል። እዚያ 325 ዶላር ለቪዛ ማመልከቻው፣ 120 ዶላር ደግሞ ለስፖንሰር ወረቀቱ ይከፈላል። ከዚያ ዲኤስ-260 የተባለው የቪዛ ማመልከቻ ፎርም ይሞላል፣ ሰነዶች ይጫናሉ፣ ቀጠሮው ማኒላ በሮክሳስ ቡሌቫርድ ካለው የአሜሪካ ኤምባሲ ይመጣል። ቪዛው ከተመታ በኋላ ግሪን ካርዱ እንዲታተም 235 ዶላር ይከፈላል። ሲደመር፣ ሕክምና ምርመራውንና የአውሮፕላን ቲኬቱን ሳይጨምር፣ 1,305 ዶላር ነው።

ፋይል በብዛት የሚመለሰው በስፖንሰር ወረቀቱ፣ በአይ-864፣ ምክንያት ነው። እናንተ አራት ናችሁ፤ እናቷ ሲጨመሩ አምስት። በ2025 ለአምስት ሰው ቤተሰብ የሚጠየቀው ዓመታዊ ገቢ ወደ 47,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ይህም የድህነት መስፈርቱ 125 በመቶ መሆኑ ነው። ስፖንሰሯ አመልካቿ ባለቤትዎ ናት። የእሷ ገቢ ብቻውን ከበቃ የእርስዎን አይጨምሩ። ካልበቃ ግን የእርስዎ ገቢ የሚቆጠረው አይ-864ኤ የተባለውን ተጨማሪ ፎርም ሁለታችሁም ስትፈርሙበት ነው። ታክሱን በአንድ ላይ አስገብተናልና ይበቃል ብለው ይህንን ፎርም ትተው ወራት ያቃጠሉ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። አሠሪ በየዓመቱ የሚሰጠውን የደመወዝ ወረቀት፣ የእያንዳንዳችሁን ደብሊው-2ም ያያይዙ፤ የጋራ ታክስ ላይ የማን ገቢ ስንት እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው።

ፊርማው ከባድ ግዴታ እንዳለውም ይወቁ። እናቷ ዜጋ እስኪሆኑ፣ 40 ሩብ ዓመት የሥራ ክሬዲት እስኪሞላላቸው፣ አገሩን ለቀው እስኪሄዱ ወይም እስኪሞቱ ድረስ ይጸናል። ፍቺ አያፈርሰውም። አሜሪካ ሠርተው የማያውቁ አዛውንት ሜዲኬር የተባለውን የመንግሥት የጤና መድን መግዛት የሚችሉት አምስት ዓመት በተከታታይ ከኖሩ በኋላ ስለሆነ የጤና መድኑን ዋጋ አስቀድማችሁ አስሉ። ከቲኬቱ ይልቅ ቤት የሚፈትነው እሱ ነው።

ወንድሟን በተመለከተ እውነቱን እንንገርዎ። የዜጋ ወንድምና እህት ኤፍ-4 በሚባለው ምድብ ይገባሉ። ለአንድ አገር በዓመት ከሚደርሰው ድርሻ በላይ አመልካች ስላላት ፊሊፒንስ ቪዛ ቡለቲን በሚባለው፣ በየወሩ በሚወጣው የተራ ሰንጠረዥ ላይ የራሷ ዓምድ አላት፤ በ2025 በዚያ ዓምድ ተራ የደረሳቸው ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ያመለከቱ ናቸው። የ8 ዓመቱ ልጅ ያኔ 28 ይሆነዋል። ሕጉ አይ-130ው ሳይወሰን የቆየበትን ጊዜ ከዕድሜው ይቀንስለታል፤ ስድስት ዓመት ቆይቶ ከሆነ 28 ሲቀነስ 6፣ 22 ነው። ከ21 በታች ካልሆነ ከአባቱ ጋር መምጣት አይችልም።

ቢሆንም ዜግነቷን እንዳገኘች አመልክቱ። ወረፋው የሚቆጠረው ፎርሙ ከገባበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ ዛሬ ያልገባ ማመልከቻ ነገም ሃያ ዓመቱ ይጠብቀዋል። ማመልከቻው መድረሱን የሚገልጸውን ደብዳቤ በደንብ አስቀምጡት፤ አድራሻ በቀየራችሁ ቁጥር አሳውቁ፤ ተራው ደርሶ ደብዳቤ ሲላክ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ከተባለ ፋይሉ ሊዘጋ ይችላል።

እኛ ግን አንድ ሌላ ጥያቄ እንጠይቅዎታለን፤ የወንድሟ ሚስት ሥራ ምንድን ነው? ነርስ ከሆነች መንገዱ በእሷ በኩል ነው። ኤንክሌክስ የተባለውን የአሜሪካ የነርሶች ፈተና እዚያው ማኒላ መፈተን ትችላለች። ካለፈች በኋላ ቪዛስክሪን የሚባለውን ማረጋገጫ ታወጣለች፣ የአሜሪካ ሆስፒታል ደግሞ አይ-140 የተባለውን የአሠሪ ማመልከቻ ያስገባላታል። ባልና ልጅ በእሷ ስር ይመጣሉ። ይህም ወረፋ አለው፤ ግን የሚቆጠረው በጥቂት ዓመታት ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፊሊፒናዊ የአሜሪካ ዜጋ ነው፤ ለእናቱ ልናመለክት ነው። የእናቱ ስም በልደት ወረቀታቸው ላይ በአጭሩ «ማ. ቴሬሳ» ሲል፣ ፓስፖርታቸው «ማሪያ ቴሬሳ» ይላል። የተመዘገቡትም በ34 ዓመታቸው ነው። በባለቤቴ የልደት ወረቀት ላይ ደግሞ የእናቱ የቤተሰብ ስም በሌላ ፊደል ተጽፏል። ይህ ሁሉ ችግር ያመጣል? (ከላስ ቬጋስ)

መልስ፦ ሦስቱም አንድ ዓይነት ክብደት የላቸውም፤ በየተራ እንያቸው።

ከዚያ በፊት ፎርሙን የሚሞሉት እርስዎ ከሆኑ ስለ ፊሊፒንስ ስም አጻጻፍ ይወቁ። እኛ የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት ብለን እንሄዳለን፤ ስለዚህ መካከል ላይ ያለውን ስም የአባት አድርገን እናነባለን። በፊሊፒንስ የመካከለኛው ስም የእናት ቤተሰብ ስም ነው። ለምሳሌ «ማሪያ ቴሬሳ ሳንቶስ ክሩዝ» ብንል ሳንቶስ የእናቷ ወገን፣ ክሩዝ የአባቷ ወገን ነው። ሬየስ የሚባል ሰው ስታገባ ሳንቶስ ይወጣና «ማሪያ ቴሬሳ ክሩዝ ሬየስ» ትባላለች። «ማሪያ ቴሬሳ» ደግሞ ሁለት ቃል ቢሆንም አንድ የራስ ስም ነው፤ ሁለቱም በመጀመሪያ ስም ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ቴሬሳን መካከለኛው ሳጥን ውስጥ ያስገባ ሰው ከፓስፖርቱ ጋር የማይገጥም ፋይል ከፈተ ማለት ነው።

«ማ.» የማሪያ የተለመደ ማሳጠሪያ ስለሆነ ብቻውን ብዙ አያስጨንቅም። ፎርሙን በፓስፖርቱ ስም ይሙሉ፣ «ማ. ቴሬሳ»ን «ሌሎች የተጠቀሙባቸው ስሞች» በሚለው ውስጥ ያስገቡ። ኤንቢአይ ከሚባለው የፊሊፒንስ የምርመራ ቢሮ የወንጀል ነጻ ማረጋገጫ ሲያወጡም ሁለቱም አጻጻፎችና ከጋብቻ በፊት የነበረው ስም እንዲካተቱ ይጠይቁ። ማረጋገጫው በአንዱ ስም ብቻ ከወጣ እንደገና ይላካሉ።

ዘግይቶ መመዝገብ ግን መዘጋጀት ይፈልጋል። በፊሊፒንስ በተለይ በገጠር ቤት ውስጥ ተወልዶ ሥራ ወይም ፓስፖርት ሲፈልግ የተመዘገበ ሰው ብዙ ነው፤ ቆንስሉ ይህንን ያውቃል። ግን ወረቀቱ የተሠራው ለቪዛ ተብሎ እንዳይሆን በልጅነት ዘመን የተጻፈ ማስረጃ ማየት ይፈልጋል። የክርስትና ምስክር ወረቀት ከደብሩ፣ ፎርም 137 የሚባለው የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የድሮ የጋብቻ ሰነድ፣ የታላላቅ ወንድምና እህት የልደት ወረቀት ያሰባስቡ። ዋናው ሰነድ ፒ ኤስ ኤ ከሚባለው የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን በልዩ ወረቀት የታተመው ነው። እሱ ደብዝዞ የማይነበብ ከሆነ ከተወለዱበት ማዘጋጃ ቤት የሲቪል መዝጋቢ ቢሮ ቅጂ ያያይዙበት።

ትልቁ ነገር ሦስተኛው ነው፤ የባለቤትዎ የልደት ወረቀት ላይ ያለው የእናቱ ስም። እናትና ልጅነትን የሚያረጋግጠው ይኸው ሰነድ ስለሆነ ይታረም። ከ2001 ወዲህ ሪፐብሊክ አክት 9048 በሚባለው ሕግ የፊደል ስህተት ያለ ፍርድ ቤት፣ በተመዘገበበት የሲቪል መዝጋቢ ቢሮ ይታረማል። ከፊሊፒንስ ውጭ ያለ ሰው በፊሊፒንስ ቆንስላ በኩል ማመልከት ይችላል። የፊደል ስህተት ማረሚያው 1,000 ፔሶ፣ የራስ ስም መቀየር 3,000 ፔሶ ነው። የተወለዱበት ቀንና ወር ወይም ጾታ ከተሳሳተ በ2012 በወጣው ሪፐብሊክ አክት 10172 ይታረማል፤ ይህና የራስ ስም ለውጡ በጋዜጣ መታወጅ አለባቸው። የትውልድ ዓመት ስህተት ግን ፍርድ ቤት ያስኬዳል። እርማቱ ተፈቀደ ማለት ተጠናቀቀ ማለት አይደለም፤ ፒ ኤስ ኤ የኅዳግ ማስታወሻ ያለበት አዲስ ቅጂ እስኪያወጣ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ አይ-130ውን አስገቡና እርማቱን ጎን ለጎን አስኬዱ፤ ለቃለ መጠይቁ ይደርሳል። በቢሮው በር ላይ «በሁለት ቀን አስጨርሳለሁ» የሚል ፊክሰር፣ ማለትም ደላላ፣ ካገኛችሁ እለፉት። የሐሰት የፒ ኤስ ኤ ወረቀት ኤምባሲው ከመዝገቡ ጋር ሲያመሳክረው ይወድቃል፣ ሰውየውንም ይዞ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ አማቴ ግሪን ካርድ አላቸው። አሁን የ12 ዓመት «ልጃቸውን» ሊያመጡ ይፈልጋሉ። የልደት ወረቀቷ እናቷ እሳቸው እንደሆኑ ይላል፤ እውነተኛ እናቷ ግን ዱባይ በቤት ሠራተኝነት የምትሠራው የባለቤቴ እህት ናት። ልጅቷን ከተወለደች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። (ከሲያትል)

መልስ፦ እባክዎ ፎርሙ ሳይፈረም ያቁሙት። በእኛም ዘንድ አያት ያሳደገቻት ልጅ «ልጄ» ትባላለች፤ ልባቸውን እንረዳለን። ሕጉ ግን የሚጠይቀው ማን እንደወለዳት ነው። የመውለጃ ዕድሜያቸው አልፎ የተወለደች ልጅ ስትቀርብ ቆንስሉ የዲኤንኤ ምርመራ ይጠይቃል፤ ውጤቱ እናትነትን ካላሳየ ጉዳዩ የሐሰት መግለጫ ይሆናል። የዚህ ቅጣት የዕድሜ ልክ እገዳ ሲሆን የአማትዎን የራሳቸውን ግሪን ካርድ ጭምር አደጋ ላይ ይጥላል። የልጅ ልጅን በቀጥታ ለማምጣት የሚያስችል ምድብ ደግሞ የለም።

ፊሊፒንስ ይህንን ዓይነት ምዝገባ የሚያስተካክል ሕግ በ2019 አውጥታለች፤ ሪፐብሊክ አክት 11222 ይባላል። ሕጉ ከመጽናቱ በፊት ለልጁ ጥቅም ሲባል የተደረገ የሐሰት ምዝገባን ያለ ወንጀል ክስ በጉዲፈቻ ለማስተካከል ይፈቅዳል፤ ልጁ ከዚያ በፊት ቢያንስ ሦስት ዓመት በአሳዳጊው እጅ መኖር ይኖርበታል። ማመልከት የሚቻለው ሕጉ ከጸናበት ጊዜ አንሥቶ ለአሥር ዓመት ነው፤ የቀረው ጊዜ አጭር ነው። ይህ የልጅቷን ወረቀት እውነተኛ ያደርጋል እንጂ በራሱ ቪዛ አያመጣም። ለአሜሪካ ጉዲፈቻው 16 ዓመት ሳይሞላት መጠናቀቅ አለበት፣ የሁለት ዓመት ሕጋዊ አሳዳጊነትና አብሮ መኖርም ይጠየቃል። አያት አሜሪካ፣ ልጅ ፊሊፒንስ ሆነው ይህ የሚሟላበት መንገድ ጠባብ ስለሆነ ከሁለቱም አገር ጠበቃ ሳያማክሩ አይጀምሩ። እውነተኛ እናቷ ወደፊት በሌላ መንገድ ቪዛ ካገኘች ልጅቷ በእሷ ስር መምጣት የምትችለው ወረቀቱ ከተስተካከለ ነው።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ አባት ግሪን ካርድ ይዘው ለ27 ዓመቷ ሴት ልጃቸው በ2016 አመልክተዋል። እሷ አሁን ልታገባ ነው፤ ልጅም አላት። «በቤተ ክርስቲያን ብቻ ስለሆነ አይታወቅም» ይሏታል። (ከዳላስ)

መልስ፦ ይታወቃል። በፊሊፒንስ ቄሱ የሚያጋባው የጋብቻ ፈቃድ አይቶ ነው፤ ካጋባ በኋላም ያስመዘግባል። ኤምባሲው ደግሞ ሴኖማር የሚባለውን፣ ጋብቻ አለመኖሩን የሚያረጋግጥ የፒ ኤስ ኤ ወረቀት ያያል። ግሪን ካርድ ያለው ወላጅ ላገባ ልጅ ማመልከት ስለማይችል በሠርጉ ቀን የ2016ቱ ማመልከቻ ይሞታል። ፊሊፒንስ ውስጥ ከሙስሊሞች በስተቀር ፍቺ የለም፤ ጋብቻውን በፍርድ ቤት ማፍረስም ውድና ረጅም ነው። ቢፈርስ እንኳ የሞተው ማመልከቻ አይነሣም።

አባቷ ቀድመው ዜጋ ከሆኑ በኋላ ብታገባ ግን ማመልከቻው ላገቡ የዜጋ ልጆች ወደሆነው ምድብ፣ ወደ ኤፍ-3፣ ይዛወራል፣ የ2016ቱ ቀንም አይጠፋም። ችግሩ ኤፍ-3 ለፊሊፒንስ ከሃያ ዓመት በላይ የሚጠበቅበት መሆኑ ነው። ሳታገባ ከቆየች የአባቷ ዜግነት ከኤፍ-2ቢ (ግሪን ካርድ ያለው ሰው 21 የሞላቸው ያላገቡ ልጆች ምድብ) ወደ ኤፍ-1 (የዜጋ 21 የሞላቸው ያላገቡ ልጆች ምድብ) ያዛውራታል። ለብዙ ዓመታት ለፊሊፒንስ ኤፍ-1 ከኤፍ-2ቢ የዘገየ ነበር፤ ስለዚህ ሕጉ በጽሑፍ ጠይቆ በኤፍ-2ቢ የመቆየት መብት ሰጥቷል። አባቷ ከመማላቸው በፊት የዚያን ወር ቪዛ ቡለቲን ከፍታችሁ ሁለቱን መስመሮች አስተያዩ።

ሳያገቡ ልጅ መውለድ ምድቡን አያበላሽም፤ ልጁም በእናቱ ስር ይመጣል። የልጁን የልደት ወረቀት ግን ዛሬውኑ አውጥታችሁ «የወላጆች ጋብቻ ቀንና ቦታ» የሚለውን መስመር አንብቡ። ከሐፍረት የተነሣ ብዙ ቤተሰብ እዚያ ላይ የሌለ ጋብቻ ያስመዘግባል፤ ቆንስሉ ሲያየው «አግብተሻል» ይላታል። ያንን ማረሚያው ጊዜ አሁን ነው፤ ቃለ መጠይቁ ደርሶ አይደለም።

ጥያቄ፦ አማቴ ቃለ መጠይቅ ሊቀርቡ ነው። በመጨረሻው ሰዓት የሚያጋጥም ነገር አለ? (ከአትላንታ)

መልስ፦ ሁለት ነገር። የሕክምና ምርመራው ማኒላ ኤርሚታ ባለው የሴንት ሉክስ ክሊኒክ ይደረጋል። ሳንባ ነቀርሳ በፊሊፒንስ የተስፋፋ በመሆኑ በደረት ራጅ ላይ የድሮ ጠባሳ እንኳ ቢታይ ሦስት ጠዋት አክታ ይወሰዳል፣ ጀርሙ ያድግ እንደሆነ የሚታይበት የካልቸር ምርመራ ውጤትም ስምንት ሳምንት ይጠበቃል። ሕመሙ ከተገኘ ስድስት ወር ገደማ ክትትል የሚደረግበት ሕክምና አለ። ስለዚህ ምርመራውን ከቃለ መጠይቁ በፊት በርከት ያሉ ሳምንታት አስቀድመው ያድርጉ፤ የድሮ ራጅና የሕክምና ወረቀት ካላቸው ይዘው ይሂዱ። ቪዛው የሚጸናው ከምርመራው ቀን ጋር ተያይዞ ስለሆነ ከመታተሙ በፊት የማይመለስ ቲኬት አትግዙ።

ሁለተኛው ሲ ኤፍ ኦ ነው፤ ውጭ የሚኖሩ ፊሊፒናውያን ጉዳይ ኮሚሽን። በኢሚግራንት ቪዛ የሚወጣ ፊሊፒናዊ ሁሉ እዚያ መመዝገብና የምዝገባ ማረጋገጫውን መያዝ አለበት። ከ60 ዓመት በላይ ያሉ የጉዞ ገለጻውን እንዲከታተሉ ባይጠበቅባቸውም ምዝገባው አይቀርላቸውም። የውጭ ዜጋ ያገቡ ወይም ሊያገቡ የሚሄዱ ደግሞ ለብቻው የተዘጋጀ የምክር አገልግሎት ይወስዳሉ፤ የኢትዮጵያዊ እጮኛም ይህ ይመለከታታል። ማረጋገጫው ሳይኖር ማኒላ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰ ሰው ቪዛው በእጁ ቢሆንም በኢሚግሬሽን መስኮት ይመለሳል፤ እነሱ «ኦፍሎድ» ይሉታል። ማረጋገጫውን በስልክም በወረቀትም ይያዙ፤ ወረቀቱ ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ ውስጥ አይግባ።